ዝምታዋን ብቻ አታወድሱ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር አዛውንቶችን እየረዳሁ እኖራለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሆስፒታል ቀጥሎ የሚያዘወትረው ቦታ ቀብር ነው። ኮሪያውያኑ አንዲት እናት ሲሞቱባቸው የሕይወት ታሪካቸው በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ይነበባል። መጀመሪያ ሰሞን አጠገቤ የተቀመጠ የልጅ ልጅ በእንግሊዝኛ ያሾከሹክልኝ ነበር። በኋላ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ የሚነበበው እኛም ቤት የሚነበበው ነውና። ለልጆቻቸው ኖሩ። ጸሎት አላቋረጡም። ችግራቸውን ለማንም ሳይናገሩ አሳለፉ። ስምና የትውልድ ቦታ ብቻ እየተቀያየረ ለሁሉም የሚነበብ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

ከሦስቱ በሁለቱ ጠብ የለኝም። ለልጅ መኖርም መጸለይም እኔም የማደርገው ነው። የሚያንገበግበኝ ሦስተኛው ነው። ሰው በችግር መኖሩን ሳይሆን ችግሩን አለመናገሩን በሞተበት ቀን እንደ ጽድቅ ቆጥረን እናነብለታለን። ልጆቹም ይህን ሰምተው እንባቸውን ጠርገው ይወጣሉ፤ ምን እንዳልተነገራቸው ሳያውቁ።

ለሙግቴ ምስክር የማቀርባት አንዲት ኮሪያዊት ናት። ሜሪ ፓይክ ሊ ትባላለች። በ1900 በፒዮንግያንግ ተወለደች (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያችን ከተማ ዛሬ የምናውቃት በሚሳይልና በወታደር ሰልፍ ነው፤ ያኔ ግን ከክርስቲያኖቿ ብዛት የተነሣ የምሥራቅ ኢየሩሳሌም እስከመባል የደረሰች ነበረች። የሜሪ ቤተሰብም ከፕሪስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ወንጌልን የተቀበለ፣ ቀለም የቀመሰ ቤት ነበር። በ1905 የጃፓን ወታደሮች በር አንኳኩተው ቤቱን እንፈልገዋለን፣ ውጡ አሏቸው። አያቶቿ እዚያው ቀሩ። አባቷ ግን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ኢንቾን ወደብ ወረደና ለሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በቀን ሠራተኝነት ተመዘገበ። እሷ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር።

ይህ ጉዞ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን ወንበር የተነሣ ጉዞ ነው። የመጀመሪያዎቹ 102 ኮሪያውያን ጌሊክ በተባለች መርከብ ሆኖሉሉ የደረሱት ጃንዋሪ 13 ቀን 1903 ነበር፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የኢንቾን የአንድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ገበሬው የአያቶቼን መቃብር ጥዬ የት እሄዳለሁ ብሎ ሲያመነታ ያግባባው ደላላ ብቻ ሳይሆን የራሱ ሰባኪም ነው። ጃፓን በ1905 በሩን እስክታስዘጋ ድረስ ከ7000 በላይ ሰው ተሻገረ። የእኛ ሰው በሱዳን በረሃ፣ በኋላም በዲቪ ሲሰደድ ቤተ ክርስቲያኑ ቆይታ ነው የተከተለችው፤ ታቦት እስኪመጣ በኪራይ አዳራሽ ስንቱን በዓል አክብረናል። እነርሱ ግን ይዘዋት ነው የተሳፈሩት። ኮሪያዊ ባለበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ የሚባለው ሥሩ ይህ ይመስለኛል።

የሜሪ ቤተሰብ ሃዋይ አልተመቸውም። በ1906 ማብቂያ ላይ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገሩ። ወደቡ ላይ ወጣት ነጮች ተሰብስበው ይጠብቋቸው ነበር። ሳቁባቸው፣ ተፉባቸው። አንዱ የእናቷን ቀሚስ በእግሩ አነሣ። ትንሿ ልጅ አባቷን ጠየቀችው፤ ወደማይፈልጉን አገር ለምን መጣን? አባትየው ያገኘነው የሚገባንን ነው ብሎ መለሰላት። የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ኮሪያ ሲገቡ የእኛም ልጆች ድንጋይ ወርውረውባቸዋል፣ ሰይጣን ብለዋቸዋል፤ እነርሱ ግን ታግሠው ሥራቸውን ሠሩ። አንቺም ጠንክረሽ ተማሪና ከእነርሱ እንደማታንሺ አሳዪያቸው አላት።

አባትየው ታሪክ አልፈጠረም። ፒዮንግያንግ ውስጥ ሳሙኤል ሞፌት የተባለውን ሚሲዮናዊ በድንጋይ የመታው ጎረምሳ ዪ ጊፑንግ ይባል ነበር። በኋላ ራሱ አመነ፤ በ1907 ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ኮሪያውያን ፓስተሮች አንዱ ሆነ፤ ከዚያም ወንጌል ሊሰብክ ጄጁ ወደምትባለው ደሴት ተላከ። የጳውሎስን ነገር የሚያስታውስ፣ ለስብከት የተመቸ ታሪክ ነው።

እኔ ግን ከዚያ አባት መልስ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅሁም። ሚሲዮናዊው ኮሪያ ሲገባ ጀርባው ላይ መንግሥት ነበረው፤ ሲመረው ተመልሶ የሚሳፈርበት መርከብም አለው። የፓይክ ቤተሰብ ቤቱን በወታደር ተቀምቶ፣ መመለሻ አጥቶ፣ ጥቅሉን ይዞ የቆመ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ለአምስት ስድስት ዓመት ልጅ «የሚገባን ነው» ማለት ምን ማለት ነው? አውቃለሁ፣ አባት ነው። በዚያች ሰዓት ልጁ ጥላቻ ይዛ እንዳታድግ የሚሆን ቃል መፈለግ ነበረበት። እኔም አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት በልጄ ፊት የተናገረችኝን ነገር «ስላልገባት ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ልጅን ይዞ የሚሄድ ሰው ቁጣውን የሚያወርድበት ቦታ የለውም።

የሚገርመኝ ልጅቷ ከመልሱ የወሰደችው ግማሹን መሆኑ ነው። ተማሪና አሳዪያቸው የሚለውን ያዘች። የሚገባን ነው የሚለውን ግን ወደብ ላይ ጥላው የሄደች ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ የኖረችው ኑሮ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

መጀመሪያ የሰፈሩት ሪቨርሳይድ፣ ፓቻፓ በሚባል የባቡር ሐዲድ ዳር ካምፕ ነው። ጎጆዎቹ ቀድሞ ለቻይናውያን የባቡር ሠራተኞች የተሠሩ ሳንቃ ቤቶች ነበሩ፤ መብራት የለም፣ የቧንቧ ውሃ ቤት ውስጥ የለም። ካምፑን ያቋቋመው አን ቻንግ ሆ የተባለው የነጻነት ታጋይ ሲሆን ለአገሩ ሰዎች አንዲት ብርቱካን እንኳ በጥንቃቄ መልቀም ለአገር መሥራት ነው እያለ ያስተምር ነበር። የሜሪ እናት ወደ 30 ለሚጠጉ ወንደላጤ ብርቱካን ለቃሚዎች ምግብ አብሳይ ሆነች። ሌሊት ተነሥቶ ቁርስ፣ ለእያንዳንዱ የምሳ ሣህን፣ ማታ ራት፤ በመሐል ልጅ መውለድና ማጥባት። ማሳደሪያ ቤት የከፈቱ፣ እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ ያደሩ የእኛ እናቶች ይህን ሥራ ያውቁታል። እሑድ ደግሞ ያው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ልጅቷ ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን ልጃገረዶች ከበዋት እየዘፈኑ፣ ዙሯን እየጨረሱ አንገቷን በእጃቸው ይመቷት ነበር። ዘፈኑ ስለ ቻይናዊ ነው፤ እሷ ቻይናዊት አይደለችም፤ ለእነርሱ ግን ልዩነት አልነበረውም።

በ1913 ጃንዋሪ ውርጭ ወርዶ የብርቱካኑን እርሻ ፈጀው፤ የፓቻፓ ኑሮም ከዚያ ወዲያ ተበተነ። የፓይክ ቤት ሰዎች ቀድመው ለቀው ነበር። አባትየው ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ቆይቶ አይድሪያ በሚባል የሜርኩሪ ማዕድን እቶን ላይ ተቀጠረ። የሜርኩሪ ጭስ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ማንም ያውቃል። ደመወዙ ቤቱን አጠገበ፤ እሱን ግን ጤናውን አሳጣው።

ሜሪ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከቤት መለየት ነበረባት፤ በአባቷ ፈቃድ እንኳ አልነበረም። ሆሊስተር ከተማ ገብታ ለመኝታና ለምግብ በሰው ቤት እየሠራች ተማረች። እዚያ ነው እንግዲህ ሁለቱ ነገሮች የሆኑት። የታሪክ አስተማሪው ክፍል ውስጥ ስለ እስያ ሲያወራ ኮሪያን ጃፓን ያሠለጠናት አረመኔ አገር አድርጎ አቀረበ። ልጅቷ ከክፍል በኋላ ቀርባ ይህን የእስያ ታሪክ የት ተማርከው ብላ ጠየቀችው። ሌላ ቀን ደግሞ እሑድ ልብሷን አስተካክላ በስሙ የእሷው ወደሆነ የፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰባኪው በሩ ላይ ቆሞ ጃፓናዊ እዚህ አይገባም ብሎ ከለከላት። ኮሪያዊት ነኝ ብልህ ለውጥ ይኖረዋል? አለችው። እሱም ሁላችሁም አንድ ናችሁ አላት።

ወላጆቿ ያመኑት በዚያው ቤተ እምነት ሚሲዮናውያን ቃል ነው። አባቷ ወደብ ላይ ስድቡን በዝምታ የዋጠው የእነርሱን ትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ነው። ያ ሰባኪ ደግሞ የእነርሱ ቤት ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ባትመለስ ማን ይፈርድባት ነበር? እሷ ግን እምነቷን አልጣለችም፤ ሰውዬውንም ዝም ብላ አላለፈችው። ሁለቱን አብራ ያዘች። እኛ ዘንድ እነዚህ ሁለቱ የሚጣሉ ይመስለናል። የሚናገር ምእመን እምነት የጎደለው፣ ዝም የሚል የጸና እናደርገዋለን። ሜሪ ስትናገር ለማን እንደምትናገር ልብ በሉ። በር ላይ ለቆመው ሰባኪ፣ ለአስተማሪው ነው። እግዚአብሔርን ወይም ወላጆቿን አላማረረችም። ጥያቄውን ለሚመለከተው ሰው አቀረበች።

የቀረውን በአጭሩ ልበለው። ሌላ ኮሪያዊ አገባች፤ ሩዝ አረሱ፣ አትክልት ሸጡ፣ ወንዶች ልጆች አሳደጉ። ካሊፎርኒያ በ1913 ዜጋ ሊሆኑ የማይችሉ ባዕዳን መሬት እንዳይገዙ ሕግ ስላወጣች ያረሱት በኪራይ ነው። በ1924 ደግሞ የእስያ ስደተኛ ከሞላ ጎደል እንዳይገባ ተከለከለ፤ ዘመድ ማስመጣት ቀረ። የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ከመቱ በኋላ ጃፓናዊ እንዳይባሉ ኮሪያዊ መሆናቸውን የሚናገር ምልክት ደረታቸው ላይ ሰክተው የሚወጡ ነበሩ። ኮሪያ የተወለደ ሰው የአሜሪካ ዜግነት የመጠየቅ መብት ያገኘው በ1952 ነው። ቤቷን የቀማቻት አገር ዜጋ ተብላ፣ በሷው ስም እየተሰደበች ግማሽ ዘመኗን የኖረች ሴት ናት።

ይህን ሁሉ የማውቀው ስለተናገረች ነው። በእርጅናዋ ጽፋ ያስቀመጠችውን ሱቼንግ ቻን የተባለች የታሪክ ምሁር አግኝታ፣ ነገሩን ከመዝገብ ጋር እያመሳከረች አዘጋጀችውና በ1990 ታተመ። ዛሬ የኮሪያውያንን የስደት ታሪክ የሚያስተምር ሁሉ ይጠቅሰዋል። ሜሪ ችግሯን ለማንም ሳትናገር ያለፈች ደግ እናት ብትሆን ኖሮ ፓቻፓ ውስጥ ሌሊት የተነሣችውን አብሳይ እናቷን ማን ያውቃት ነበር? ልጅ ስትናገር ለራሷ ብቻ አይደለም የምትናገረው።

ወደ እኔ ሰፈር ልመለስ። ዛሬ ኮሪያታውን የሚኖሩት አዛውንቶች አብዛኞቹ የመጡት የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ ነው። እኔ የምረዳቸውን ሴት ሃልሞኒ እላቸዋለሁ፤ አያት እንደማለት ነው። ስማቸውን አልናገርም። በ1970ዎቹ መጡ። ባለቤታቸው አገራቸው ላይ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ግን ቋንቋው ስላልገራላቸው ሊከር ስቶር ከፈቱ። መነሻው ገንዘብ ከባንክ አልመጣም። ሃልሞኒ በጣቶቻቸው እየቆጠሩ ሲያስረዱኝ ሳቄ መጣ፤ ኬ የሚሉት ነገር የእኛው እቁብ ነው፤ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ አለው፣ ችግር የደረሰበትን ማስቀደም አለው፣ ደርሶት የሚጠፋም አለው። የእነርሱም እቁብ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው የሚወለደው። ሥራ የሚገኘው፣ ቤት የሚከራየው፣ ልጅ ቅዳሜ ፊደል የሚማረው፣ ሐዘን የሚደረሰው እዚያው ነው። ከቅዳሴያቸው በኋላ ትኩስ ሾርባና ሩዝ ለሁሉም ይቀርባል። በ2012 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ ኮሪያውያን 71 በመቶው ክርስቲያን ነን ብለዋል፤ በዚህች ሾርባ የማይገረም ሰው በቁጥሩም አይገረም።

ንጋት ላይ መጸለይን ከሳቸው ነው ያየሁት። ከ1907ቱ የፒዮንግያንግ መነቃቃት ጋር ስሙ የሚነሣው ጊል ሰንጁ የጀመረው ልማድ ነው ይባላል፤ ዛሬም በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ። ሃልሞኒ ጉልበታቸው ሳይደክም የቤተ ክርስቲያን ቫን ይወስዳቸው ነበር። ከጸሎት በቀጥታ ሱቅ፣ ከሱቅ እኩለ ሌሊት ቤት። አሁን በስልክ ይከታተላሉ፤ እኔ ስገባ ስልኩ ኪምቺ የሚሉት የጎመን ምግባቸው ብቻ በሚቀመጥበት ሁለተኛው ፍሪጅ ላይ ተደግፎ ፓስተሩ ይጮኻል።

ልጃቸው አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ሻይ ስናፈላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ያደግሁት ጥይት በማይበሳው መስታወት ውስጥ ነው።» እናትና አባት ገንዘብ ይቀበላሉ፤ እሷ ከመስታወቱ ጀርባ በቢራ ካርቶን ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እናቷን ቀኑን ሙሉ ታያለች፤ ግን አውርተው አያውቁም። ስለ 1992ቱ እሳት እንኳ ያወቀችው ከቴሌቪዥን ነው። ኤፕሪል 29 ቀን ጥቁር አሜሪካዊውን ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች በፍርድ ቤት ነጻ ተባሉ፤ ከተማይቱ ነደደች። ከ2000 በላይ የኮሪያውያን ሱቆች ተዘረፉ ወይም ተቃጠሉ፤ የእነርሱ ኪሳራ ብቻ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ፖሊስ ወደ ሰፈሩ አልደረሰም፤ ሰው ማን እንደሚረዳው ይሰማ የነበረው ከኮሪያኛ ሬዲዮ ነው። የሃልሞኒ ሱቅ በዚያች ሌሊት አመድ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ልጅቱን ለትምህርት ቤት ሩዝ ቋጥረው ሰጧት። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር። ስለ ሱቁ ያኔም በኋላም ቃል አልወጣቸውም።

ይህን ታሪክ ለእኛ ቄስ ብነግራቸው እንዴት ያለች ጠንካራ እናት ይሉ ነበር። ጠንካራስ ጠንካራ ናቸው። ልጅቷ ግን ከሃምሳ ዓመቷ በኋላም የምትጠይቀው እናቴ ያኔ ተናዳ ነበር ወይ ብላ ነው። ምን እንደተሰማቸው አታውቅም። ወንድሟ ሐኪም ሆኗል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ካቆመ ቆየ። ኮሪያውያኑ ይህን በሰፊው የሚያወሩት ችግር ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ ኮሌጅ ሲገባ ከአባቶቹ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ምክንያቱ ቋንቋ ነው ይላሉ፤ የሽማግሌዎች የሹመት ሽኩቻ ነው ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ተጣልቶ ለሁለት መከፈሉ ነው ይላሉ። (ይህን ሲነግሩኝ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ ፊቴን ሳልለውጥ መቀመጤን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።) እኔ ግን አንድ እጨምራለሁ። ልጅ የወላጁን እምነት የሚወርሰው እምነቱ ምን ውስጥ እንዳሳለፈው ሲያውቅ ነው። መከራውን ደብቀህ ጸሎቱን ብቻ ብታሳየው ጎህ ሳይቀድ የሚያስነሣው ልማድ ብቻ ነው የሚታየው። ሐኪሙ ልጅ እናቱ ምን እያሰቡ ጎህ ሳይቀድ ይነሡ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ለእኔ ግን ነገሩኝ። ምክንያቱ ደግሞ አገሬ ነው። ከየት ነሽ ሲሉኝ ኢትዮጵያ ስል እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ያደጉት ቹንቾን አካባቢ ነው፤ በኮሪያ ጦርነት የእኛ የቃኘው ሻለቃ የዘመተበት አገር ማለት ነው። ከ1951 ጀምሮ ከ6000 በላይ ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ዘምተው ከ120 በላይ የወደቁበት ጦርነት ነው። በ1968 ጃንሆይ ቹንቾን ላይ የመታሰቢያ ሐውልቱ ሲመረቅ መጥተው ነበር። ሃልሞኒ ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ሕዝቡን ያስታውሳሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ በምልክትና በስልክ አስተርጓሚ ብዙ አወሩኝ፤ በበረዶ ወደ ደቡብ ስለ መሸሻቸው፣ መንገድ ላይ ስለ ቀረችው ታናሽ እህታቸው። ልጅቱን ስለ አክስትሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላት የምን አክስት? አለችኝ።

የሚናገሩት ሰው አጥተው አይደለም እንግዲህ። ልጆቻቸው ፊት ሸክም ላለመሆን ነው። ይህን የሚያስተምራቸው ደግሞ ባህላቸው ብቻ ሳይሆን መድረኩ ነው፤ በየቀብሩ ዝም ያለችው እናት ስትወደስ እየሰሙ ነው ያረጁት። እኛስ? «ሆድ ይፍጀው» የሚባል ነገር አለን። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። የገመና ነገር አደባባይ አይወጣም፣ ሽማግሌ ቁስሉን አያሳይም የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ክብር ነው ይሉኛል። ክብሩን አልነካም። ሰው የማይፈልገውን እንዲናገር ማስገደድም ነውር ነው። ግን እኔ በዚህ ሥራዬ ያየሁት ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ መናገር ይፈልጋሉ። ጠያቂ ነው የጠፋው። ልጅ እናቱን የሚጠይቃት መድኃኒት ወሰድሽ ወይ ብሎ ነው።

የሃልሞኒ መኝታ ክፍል ጥግ ላይ የተደረደሩ ወፍራም ደብተሮች አሉ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ጀምረው በእጃቸው እየገለበጡ ነው፤ ኮሪያውያን ምእመናን ዘንድ የተለመደ ተግባር ነው፤ ብራና ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። አሁን ሕዝቅኤል ላይ ደርሰዋል። መስመራቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ቢሳሳቱ ገጹን ቀደው እንደገና ይጀምራሉ። ለልጅ ልጆቻቸው የሚያወርሱት ይህን ነው። የልጅ ልጆቹ ኮሪያኛ ማንበብ አይችሉም። ስለ ራሳቸው ደግሞ፣ ስለ ቹንቾን፣ ስለ እህታቸው፣ ስለ ሱቁ፣ አንድ ገጽ የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ደብተሮቹን አቧራ ስጠርግ ከነቢያቱ መሐል ለእርሳቸው ሁለት ገጽ ቢተርፍ ምን ነበረበት እላለሁ። ፓስተራቸው ይህን ቢያዝዙ በማግስቱ ይጀምሩ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያንን ቃል አያጥፉም።

ከኮሪያታውን ኦሊምፒክ ጎዳናን ይዞ ወደ ምዕራብ የነዳ ሰው ጥቂት እንደሄደ ፌርፋክስን ያገኛል፤ ከ2002 ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ የተባለው ሰፈራችን ነው። እዚያ ስብሰባ ካለው አንድ እድር አባል ነኝ። የምዝገባ ፎርሙ ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ብዛትና የወራሽ ስም ይጠይቃል። ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ይጨመርበት። አባሉ በቁሙ፣ በራሱ አፍ፣ ከየት ወጥቶ በየት እንደመጣ፣ ምን እንደሠራ፣ ማን እንደበደለው፣ ማን እንደደረሰለት፣ ለልጆቹ ምን ሳይናገር እንደቀረ ያጽፍ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስልክ አላቸው፤ እነርሱ ይቅረጹት፣ ይተይቡት፤ አማርኛቸውም በዚያው ይሻሻላል። ቀብር ላይ የሚነበበው ያ ይሁን። እሱ በሌለበት ሦስት ሰው ሌሊት ተሰብስቦ የሚያዘጋጀው ወረቀት ይቅር።

ሊቀመንበሩ ሰምተው ሲጨርሱ በቁም ሰው የቀብር ታሪክ ማስጻፍ ሟርት ነው አሉኝ። አዳራሹም አጉረመረመ። የሜሪ ፓይክ ሊ መጽሐፍ የታተመው በ1990 ነው፤ ሴትዮዋ ያረፈችው በ1995።